የፔት ግላይኮሊሲስ ነጭ ክሪስታል ትቶ ቡናማ ጭቃ የሚሰጠው ለምንድን ነው? የፌስታል ላስቲክስ በዚሁ መንገድ ይሄዳል?

ጠርሙስ_ፈጪ

ሰላም ለሁላችሁ። ከተፈጨ የፔት (የውሃና የለስላሳ ጠርሙስ ፕላስቲክ) ጠርሙስ በግላይኮሊሲስ፣ ማለትም ፕላስቲኩን በትኩስ ግላይኮል በመፍታት፣ ቢኤችኢቲ የተባለውን የፔት መነሻ ሞኖመር ለማውጣት የተደረገ ሙከራ ነጭ ክሪስታል ሳይሆን ቡናማ፣ እጅ ላይ የሚያጣብቅ ጭቃ መሳይ ነገር እየሰጠ ነው። ሁለት ጊዜ ተደግሞ ውጤቱ አልተለወጠም።

መጠኑ ይህ ነው፦ 50 ግራም ፍሌክ (የተፈጨ የጠርሙስ ቁራጭ)፣ ስፋቱ ከ8 እስከ 12 ሚሊ ሜትር፣ ግልጹና አረንጓዴው የተደባለቀ። 200 ግራም ኤቲሊን ግላይኮል። 0.5 ግራም ዚንክ አሴቴት፣ እንደ ካታሊስት (አጸፋ አፋጣኝ)። ክፍት ቢከር በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ተጥዶ አልፎ አልፎ በብርጭቆ ዘንግ ይማሰላል። ምድጃው 190 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ተሞልቶ ለ1 ሰዓት ይቆያል። በሰዓቱ መጨረሻ ጥቂት ፍሌክ ሳይሟሟ ይቀራል። ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ተጨምሮበት ይጣራል፤ የተጣራው ማቀዝቀዣ ውስጥ ሲያድር ትንሽ ክሪስታል ይዘቅጣል። ከማጣሪያው በላይ የሚቀረው ግን ያው ቡናማ ጭቃ ነው። የደረቀው ክሪስታል 18 ግራም ብቻ መዘነ።

ሁለተኛ ጥያቄ፦ የፌስታልና የማሸጊያ ላስቲክ፣ ማለትም ፖሊኤቲሊንና ፖሊፕሮፒሊን፣ በዚሁ ዘዴ ወደ ጥሬ ዕቃው መመለስ ይችላል?

ሪፍለክስ

ቁጥሮቹን ስላስቀመጡ ነገሩ ይታያል። የጥሬ ዕቃው ምጥን ደህና ነው። የተበላሸው ማብሰያው፣ የሰዓት አቆጣጠሩና ከምድጃ ከወረደ በኋላ ያለው ሥራ ነው።

በመጀመሪያ ምን መጠበቅ እንዳለብዎት ይወቁ። የፔት ሰንሰለት አንዱ ቀለበት 192 ይመዝናል፤ ቢኤችኢቲ ደግሞ 254። ስለዚህ 50 ግራም ፔት ሙሉ በሙሉ ቢፈታ 66 ግራም ቢኤችኢቲ ይሰጣል፤ ለዚህም የሚበላው ግላይኮል 16 ግራም ብቻ ነው። የቀረው 184 ግራም መሟሚያ ሆኖ ይቆያል፣ ሚዛኑንም ወደ ሞኖመሩ ይገፋል። የእርስዎ 18 ግራም ከሚጠበቀው ከሩብ ጥቂት ቢበልጥ ነው። በደንብ የተሠራ ሙከራ ከ70 እስከ 80 በመቶ ይደርሳል፤ ቀሪው ዳይመርና ኦሊጎመር ይሆናል፣ ማለትም በከፊል ብቻ የተፈታ አጭር ሰንሰለት። ያ የሚያጣብቀው ጭቃ አብዛኛው ይህ ነው።

ለምን እንዲህ በዛ? ግላይኮል የሚፈላው 197 ዲግሪ ላይ ነው። ክፍት ቢከር ውስጥ 190 አካባቢ ሲቆይ በብዛት ይተናል፤ ሲተን ምጥኑ ይጎድላል፤ ምጥኑ ሲጎድል ሁለት ቢኤችኢቲ አንድ ግላይኮል ጥለው ተመልሰው ይያያዛሉ። ይህ አጸፋ ሁለት አቅጣጫ እንዳለው መርሳት አይገባም፤ ፔት ራሱ በፋብሪካ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ግላይኮሉን እየነጠቁ ነው። በዚያ ላይ ትኩስ ግላይኮል አየር ሲያገኝ ወደ አልዲሃይድ ይለወጣል፣ የቡናማው ቀለም አንዱ ምንጭ ይህ ነው።

እንዲህ ያድርጉት። ባለ ሦስት አፍ ፍላስክ ይውሰዱ፤ በአንዱ አፍ ሪፍለክስ ኮንደንሰር (እንፋሎቱን አቀዝቅዞ ወደ ፍላስኩ የሚመልስ)፣ በአንዱ ቴርሞሜትር፣ በአንዱ ቀጭን የናይትሮጅን መግቢያ። ቴርሞሜትሩ ፈሳሹ ውስጥ መጥለቅ አለበት፤ የምድጃው ቁልፍ ላይ የተጻፈው 190 ስለ ፈሳሹ ምንም አይነግርዎትም። ፍላስኩን በቀጥታ ምድጃ ላይ አይጣዱት፤ ከታች ያለው ስስ ሽፋን ይቃጠላል። የሲሊኮን ዘይት ገንዳ ወይም ማሞቂያ ጃኬት ይሻላል። ማማሰያው ሳያቋርጥ በደቂቃ ከ300 እስከ 400 ዙር ይዙር። ፍሌኩን ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ድረስ ያድቅቁት፤ አጸፋው የሚጀምረው ከጠጣሩ ገጽ ላይ ስለሆነ ትልቁ ፍሌክ ጊዜ ይበላል። ሰዓቱን መቁጠር የሚጀምሩት ማሞቂያው ሲበራ አይደለም፤ የመጨረሻው ፍሌክ ጠፍቶ ፈሳሹ ከጠራ በኋላ 1 ሰዓት ይጨምሩ። ከዚያ በላይ ማቆየት ጥቅም የለውም፣ ቀለሙን ብቻ ያጠቁረዋል።

አሁን ወደ ዋናው ስህተት። ቀዝቃዛ ውሃ መጨመር አልነበረብዎትም። ቢኤችኢቲ በሙቅ ውሃ በደንብ ይሟሟል፣ በቀዝቃዛው ግን እምብዛም፤ ዳይመሩና ኦሊጎመሩ ደግሞ በሙቁም አይሟሙም። መለያው ይህ ልዩነት ነው። በቀዝቃዛ ውሃ ሲመቱት ሁለቱም አንድ ላይ ረግተው ጭቃ ይሆናሉ፤ የእርስዎ ቢኤችኢቲ ከማጣሪያው በላይ ከጭቃው ጋር ቀርቷል። ፈሳሹ ወደ 100 ዲግሪ ሲወርድ 500 ሚሊ ሊትር ያህል የፈላ ንጹህ ውሃ ይጨምሩ፣ እየማሰሉ 10 ደቂቃ ያቆዩ፣ ከ70 ዲግሪ ሳይወርድ ያጣሩ። ፈነሉን አስቀድመው በፈላ ውሃ ያሙቁት፤ ቀዝቃዛ ከሆነ ክሪስታሉ ወረቀቱ ላይ ይረጋና ይዘጋዋል። የተጣራውን በአንዴ በረዶ ውስጥ አይክተቱ። በራሱ ጊዜ ወደ ክፍሉ ሙቀት ይውረድ፣ ከዚያ 4 ወይም 5 ዲግሪ ላይ ይደር። ቀስ ብሎ ከቀዘቀዘ ረጅም የመርፌ ቅርጽ ያለው ነጭ ክሪስታል ይወጣል። አጣርተው በትንሽ በረዶ ውሃ ያለቅልቁት፣ በ60 ዲግሪ ያድርቁት።

ንጽህናውን በማቅለጫ ነጥብ ይፈትሹ። ጥሩ ቢኤችኢቲ ከ106 እስከ 110 ዲግሪ ባለው ጠባብ ክልል ይቀልጣል፤ ዳይመሩ ወደ 170 ይጠጋል። በ95 ጀምሮ እስከ 140 የሚንፏቀቅ ከሆነ ድብልቅ ነው፤ እንደገና በሙቅ ውሃ ሟሙቶ መጣራት ይኖርበታል።

ጠርሙስ_ፈጪ

እናመሰግናለን። በኮንደንሰር ሲደገም አዲስ ነገር ታየ፦ ፈሳሹ ውስጥ ያለው ቴርሞሜትር 172 ዲግሪ ላይ ይቆማል፤ ማሞቂያው ቢጨመርም አይወጣም፣ እየተንተከተከ እዚያው ይቀራል። ቀለሙም ቀነሰ እንጂ አልጠፋም፤ አሁን ጠቆር ያለ ቢጫ ነው።

ሪፍለክስ

172 ላይ የሚፈላ ግላይኮል ውሃ አለበት። ጥቂት በመቶ ውሃ መፍሊያውን በዚያ መጠን ያወርዳል። ወይ ፍሌኩ ታጥቦ በደንብ አልደረቀም፣ ወይም የግላይኮሉ ጀሪካን ክዳኑ ላልቶ ከአየሩ እርጥበት ስቧል። ኮንደንሰሩን ወደ ጎን አዙረው የመጀመሪያውን ጠብታ ወደ ውጭ ያስወጡ፤ ሙቀቱ 190 ሲያልፍ ወደ ሪፍለክስ ይመልሱት። በሚቀጥለው ጊዜ ፍሌኩን በ105 ዲግሪ 4 ሰዓት ያድርቁት። ውሃ ሙቀት ከማሳጣቱም በላይ የሰንሰለቱን ጫፍ አሲድ ያደርገዋል፤ ያ ክፍል ቢኤችኢቲ አይሆንልዎትም።

ልቅለቃ

የቀረው ቢጫ ከፍሌኩ የመጣ ይመስለኛል። ማንም የማያየው ሥራ ማጠቡና መለየቱ ነው፤ በእኔ ግምት የኬሚካል መልሶ ጥቅም ስኬት ግማሹ ከፍላስኩ በፊት ያልቃል።

አንደኛ ጠላትዎ ፒቪሲ፣ ክሎሪን ያለበት ሌላው ፕላስቲክ፣ ነው። ከፔት ጋር በውሃ አይለይም። ፖሊኤቲሊንና ፖሊፕሮፒሊን እፍጋታቸው ከ1 በታች ስለሆነ ይንሳፈፋሉ፤ ክዳኑ የሚለየው በዚህ ነው። የፔት እፍጋት ግን 1.38 ነው፣ የፒቪሲም እዚያው አካባቢ፣ ሁለቱም ይሰምጣሉ። ፒቪሲ ሲሞቅ ሃይድሮጅን ክሎራይድ ይለቃል፤ ራሱ ይጠቁራል፣ የሚለቀው አሲድም ቀለሙንና ካታሊስቱን ያበላሻል። መኖሩን ለማወቅ 100 ግራም ፍሌክ በብረት ትሪ ላይ በስሱ ዘርግተው በ220 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ ለ1 ሰዓት ያስቀምጡ፤ አየር በሚስብ መውጫ ሥር ይሁን። ፔቱ ነጭ ወይም ግልጽ ሆኖ ይቀራል፣ ፒቪሲው ቡናማ ወይም ጥቁር ይሆናል፤ ይቁጠሩት። የተጠራጠሩትን ቁራጭ ለማረጋገጥ የመዳብ ሽቦ በእሳት ያግሉ፣ ቁራጩን ይንኩበት፣ መልሰው እሳቱ ውስጥ ያስገቡት፤ ነበልባሉ ደማቅ አረንጓዴ ከሆነ ክሎሪን አለ።

ሁለተኛ የመለያ ወረቀቱ ሙጫ። 2 በመቶ ኮስቲክ ሶዳ ከትንሽ አረፋ የማይሠራ ሳሙና ጋር፣ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በኃይል እየተማሰለ። ከዚያ የልቅለቃው ውሃ ፒኤች 7 እስኪሆን ይለቅለቅ። ኮስቲኩ ከቀረ ዚንኩን ይይዘውና ካታሊስትነቱ ይቀንሳል፤ ፍሌኩ የማይሟሟበት አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ፣ አንዳንድ ጠርሙሶች ጋዝ እንዳያመልጥ ናይሎን መሰል ንብርብር አላቸው። እሱ ሲሞቅ ይቢጫል፤ በዓይን አይለይም። አረንጓዴውን ፍሌክ ግን ምን ብለው ከግልጹ ጋር ደባለቁት? ለይተው ለብቻው ያብስሉት።

የቀረውን ቀለም በአክቲቭ ካርቦን መቀነስ ይቻላል። ከኦሊጎመሩ የተጣራውን ሙቅ ፈሳሽ በ80 ዲግሪ፣ ከሚጠበቀው ቢኤችኢቲ ክብደት ከ2 እስከ 5 በመቶ ካርቦን ጨምረው 30 ደቂቃ ያማስሉ፣ በሙቁ ያጣሩ። ከዚያ በላይ ካርቦን ምርቱንም ይበላል።

ቫኪዩም_92

ክሪስታሉ ሲሳካ የሚመጣው ጥያቄ የተረፈው ፈሳሽ ስለሆነ ካሁኑ ልጨምር። ከማጣሪያው በታች የሚቀረው ውሃ፣ ወደ 184 ግራም ግላይኮል፣ ዚንኩና ያልዘቀጠ ቢኤችኢቲ ነው። ይህን የደፋ ሰው ሂሳቡን አላየም፤ ከገባው ግላይኮል ከ10 እጅ 9 እጁ እዚያ ውስጥ ነው።

ውሃውን መጀመሪያ ያስወጡ፤ ከዚያ ግላይኮሉን በቫኪዩም ያንጥሩ። በ10 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ግፊት ግላይኮል 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። በተራ ግፊት 197 ላይ አንጥሬ እጨርሳለሁ የሚል ሰው የሚያገኘው ወፍራም ሙጫ ነው፤ ምክንያቱም ዚንኩ አሁንም እዚያው አለ፣ ግላይኮሉ ሲወጣ ቢኤችኢቲው ተመልሶ ይሰነሰላል። ዚንኩን አስቀድሞ በካቲዮን መለዋወጫ ሬዚን ማስወገድ የበለጠ ያስተማምናል።

ሌላው ነገር ወደ ትልቅ ሥራ ለማሳደግ ለሚያስቡ ነው። ለ50 ግራም ፔት 500 ግራም ውሃ ማለት ለ1 ኪሎ 10 ኪሎ ውሃ ነው። ያን ውሃ ከፈላ በኋላ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ብቻ ወደ 22.6 ሜጋጁል ይጠይቃል። በቤተ ሙከራ ግድ የለም፤ በቶን ሲሆን ግን ሙሉውን ትርፍ የሚበላው እሱ ነው። ስለዚህ በትልልቅ ተቋማት ክሪስታሉን ከራሱ ከግላይኮሉ ማርጋት፣ ወይም ግላይኮሉን በቫኪዩም አውጥቶ ቢኤችኢቲውን በስስ ሽፋን ማንጠሪያ መለየት ይመረጣል።

ከልቅለቃ ጋር በአንድ ነገር አልስማማም። አረንጓዴውን ፍሌክ በካርቦን ለማንጣት መታገል አይመከርም። ለእሱ ነጭ ክሪስታል ግብ አይሁን፤ ግላይኮሉን ቀንሰው በከፊል ይፍቱትና ለፖሊዩሬታን አረፋ ወይም ላልሳቹሬትድ ፖሊስተር ሬዚን መነሻ ያድርጉት። ለሬዚኑ በኤቲሊን ግላይኮል ፈንታ ፕሮፒሊን ግላይኮል ይመረጣል፤ ቀጥሎ ማሌይክ አንሃይድራይድ፣ መጨረሻ ላይ ስታይሪን ይገባበታል። እዚያ ዳይመርም ኦሊጎመርም ጉዳት የለውም።

ሰምና_ጋዝ

ሁለተኛውን ጥያቄ ማንም አልነካውም። መልሱ አይሆንም ነው፣ ምክንያቱም ደግሞ ሰንሰለቱ ውስጥ ነው። ፔት በየቀለበቱ ኤስተር ማያያዣ አለው፤ ግላይኮል፣ ሜታኖል ወይም ውሃ የሚፈታው እሱን ነው። ፖሊኤቲሊንና ፖሊፕሮፒሊን ግን ካርቦን ከካርቦን ብቻ የተያያዘባቸው ናቸው። ግላይኮል ውስጥ ቢጨምሯቸው ቀልጠው እንደ ስብ ከላይ ይንሳፈፋሉ፣ ሲቀዘቅዝ መልሰው ያገኟቸዋል።

የእነሱ መንገድ ፒሮሊሲስ ነው፦ ያለ ኦክስጅን ከ430 እስከ 480 ዲግሪ ማሞቅ። እዚያ ሙቀት ላይ ሰንሰለቱ በዘፈቀደ ይበጣጠሳል፤ ስለዚህ አንድ ንጹህ ሞኖመር አይወጣም፣ ከጋዝ እስከ ሰም ያለው ሁሉ ይወጣል። ሁሉም ፕላስቲክ እንዲህ አይደለም። ፖሊስታይሪን በተመሳሳይ ሙቀት ከግማሽ በላይ ወደ ስታይሪን ይመለሳል፤ አክሪሊክ ደግሞ ከጫፉ እንደ ዚፕ እየተፈታ ከ90 በመቶ በላይ ወደ ሞኖመሩ ይመለሳል። ፖሊኤቲሊን ግን ይህ ዕድል የለውም።

ስለ ምርቱ ቁርጥ ያለ ሂሳብ ይኑርዎት። ከ100 ኪሎ ንጹህ ላስቲክ 70 ኪሎ ዘይት ቢወጣ፣ ያ ዘይት ፕላስቲክ የሚሆነው ተጣርቶ በናፍታ (የመኪና ናፍጣ ሳይሆን ቀላል የድፍድፍ ዘይት ክፍል) መሰንጠቂያ ምድጃ ከ800 ዲግሪ በላይ ሲያልፍ ነው። ከዚያ ወደ 30 በመቶ ኤቲሊን፣ ወደ 15 በመቶ ፕሮፒሊን ይገኛል። ስለዚህ ከ100 ኪሎ ተመልሶ ላስቲክ ሊሆን የሚችለው ከ30 ኪሎ ብዙም አይበልጥም፤ ቀሪው ጋዝ፣ ነዳጅና ከሰል ነው። ዘይቱን ያቃጠለው ሰው ደግሞ ነዳጅ አመረተ እንጂ ፕላስቲክን ወደ ጥሬ ዕቃው አልመለሰም። እነዚህን ሁለቱን አንድ ስም መስጠት መቅረት አለበት።

በሥራው ላይ የሚበላሸው ብዙ ነው። የቀለጠ ላስቲክ ሙቀት በጣም ደካማ አስተላላፊ ስለሆነ ግድግዳው ጋ ያለው ሲከስል መሃሉ ገና አልሞቀም፤ ከሰሉም ራሱ ሙቀት ይከለክላል። ማማሰያ ከግድግዳው የሚፍቅ ክንፍ ይኑረው። ሰሙ ቀዝቃዛ ቧንቧ ሲያገኝ ይረጋና ይዘጋል፤ ቧንቧ ሲዘጋ ግፊት ይወጣል፣ አደጋው እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ኮንደንሰር ከ80 እስከ 100 ዲግሪ ሙቅ አድርገው ሰሙን በፈሳሽነቱ ይሰብስቡ፤ ቀዝቃዛው ኮንደንሰር ከእሱ ቀጥሎ ይሁን። ፔት ከገባበት ቴሬፍታሊክና ቤንዞይክ አሲድ እንደ ነጭ ዱቄት ተንኖ ቧንቧው ላይ ይጋገራል። ናይሎን ከገባ ዘይቱ ናይትሮጅን ይይዛል፣ ጋዙም ሃይድሮጅን ሳያናይድ ሊኖረው ይችላል።

ፒቪሲ እዚህም የባሰ ነው። ከ1 ኪሎ ፒቪሲ እስከ 580 ግራም ሃይድሮጅን ክሎራይድ ይወጣል። የናፍታ ምድጃ የሚታገሠው ክሎሪን በሚሊዮን ጥቂት ክፍል ብቻ ነው። የተለመደው መከላከያ በመጀመሪያ 300 ዲግሪ አካባቢ ላይ ማቆየት፣ የሚወጣውን ጋዝ በኮስቲክ ሶዳ ማጠብ፣ ከጥሬው ጋር ኖራ መደባለቅ ነው፤ ሦስቱም ይቀንሳሉ፣ አንዱም ሙሉ በሙሉ አያጠፋም። አይዝጌ ብረትም ቢሆን በክሎራይድ ይሰነጠቃል።

በበርሜልና በማገዶ መሞከር የሚያስብ ካለ ይተወው። ጋዙ ከአየር ጋር ሲቀላቀል ይፈነዳል። ከማሞቅ በፊት በናይትሮጅን መንፋት፣ የግፊት ማስተንፈሻ፣ እሳት ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ መከላከያ፣ ጋዙን የሚያቃጥል ፍሌር የግድ ናቸው። ሥራው ሲያልቅም ክዳኑ በሙቁ አይከፈትም፤ ትኩስ ከሰል አየር ሲያገኝ ይቀጣጠላል፤ ናይትሮጅኑ ሳይዘጋ ከ50 ዲግሪ በታች ይውረድ።

ጠርሙስ_ፈጪ

የፌስታሉ ጉዳይ ገባኝ፤ ተለይቶ ይቀመጣል። አንድ የመጨረሻ፦ የቆሸሸውንና ባለቀለሙን ፔት በኮስቲክ ሶዳ መፍታት ይሻላል የሚሉ አሉ። ግላይኮል አያስፈልገውም ተባለ።

ልቅለቃ

ይሠራል፣ ለቆሻሻ ፍሌክና ከጥጥ ጋር ለተቀየጠ ጨርቅ በተለይ። ከፔቱ የሚወጣው ጨው፣ ሶዲየም ቴሬፍታሌት፣ በውሃ ስለሚሟሟ ቀለም ሰጪው ዱቄት፣ ጥጡ፣ ላስቲኩ ሁሉ በማጣሪያ ይቀራል። ሂሳቡን ግን አስቀድመው ይዩት። ለ1 ኪሎ ፔት 416 ግራም ኮስቲክ ሶዳ፣ ከዚያ ለማዝቀጥ 510 ግራም ሰልፈሪክ አሲድ ይገባል። የሚወጣው 864 ግራም ቴሬፍታሊክ አሲድ፣ ከጨዋማ ውሃ ጋር የተቀላቀለ 323 ግራም ግላይኮልና 739 ግራም ሶዲየም ሰልፌት ነው። የዚያን ጨው ማረፊያ ሳያዘጋጁ አይጀምሩ።

ኢንዛይምም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። በ2020 የታተመው የካርቢዮስ (የፈረንሳይ ኩባንያ) ኢንዛይም በ72 ዲግሪ፣ በ10 ሰዓት 90 በመቶ ፔት ፈትቷል፤ ግን የሚወጣውን አሲድ ለማመጣጠን እዚያም ኮስቲክ ይገባል፣ ጨውም ይወጣል።

ለመሞከር ከወሰኑ፦ ለ1 ኪሎ ፔት 8 ሊትር ያህል ውሃ፤ ከዚያ ካነሰ ሶዲየም ቴሬፍታሌቱ ሳይሟሟ ይረጋል። ወደ 95 ዲግሪ፣ ፍሌኩ እስኪያልቅ ብዙ ሰዓት ይፈጃል። ዕቃው አይዝጌ ብረት ይሁን፤ ትኩስ ኮስቲክ ብርጭቆን ይበላል። አሲዱን ፈሳሹ በ80 ዲግሪ ሙቅ ሳለ፣ በቀስታ፣ ፒኤቹ 3 እስኪደርስ ይጨምሩ፤ በቀዝቃዛው በፍጥነት ከተጨመረ ዱቄቱ እጅግ ደቃቅ ሆኖ ማጣሪያውን ይደፍናል። ከሁሉ በፊት ግን የአልሙኒየም ክዳንና ፎይል ተለቅሞ መውጣቱን ያረጋግጡ። አልሙኒየም ከትኩስ ኮስቲክ ጋር ሃይድሮጅን ጋዝ ይሠራል፤ ክዳኑ ተዘግቶ ከሆነ ዕቃውን ይሰነጥቀዋል፣ አጠገቡ እሳት ካለም ይነድዳል።